ለብቻ ወደ ብቸና

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አውሮፓ ከተሞች የተጻፉ የጎብኚ መምሪያዎችን አንብበህ እንደሆነ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚሰጡት ምክር ሁሉ ተመሳሳይ መሆኑን ሳታስተውል አልቀረህም። በፓሪስ ከቡና ቤት በረንዳ ላይ መጽሐፍ ይዘህ ተቀመጥ፤ በሮማ ማልደህ ተነሥተህ አደባባዮቹን ባዶ ሳሉ እያቸው፤ በቪየና ከሙዚየም ውስጥ እንደ ልብህ ዋል፤ ማንም አይነካህም፣ ማንም ከወዴት ነህ አይልህም ይላሉ። እንደ እነርሱ አነጋገር ለብቸኛ ተጓዥ ትልቁ ጸጋ አለመጠየቁ ነው። ይህን ምክር በኪሱ ይዞ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚሄድ ሰው ግን የመጀመሪያው ቀን ሳይጋመስ ምክሩ እንደማያገለግለው ይረዳዋል። እኔ የተረዳሁት ከረፋዱ በአራት ሰዓት ላይ ነው።

በብቸና ከተማ ከአንዲት ሻይ ቤት ገብቼ፣ መጽሐፌን ገልጬ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ አራት ሰዎች መጥተው ከጠረጴዛዬ ተቀመጡ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ባዶ ነበሩ። ሰላምታው በደንብ ካለቀ በኋላ ከወዴት እንደ መጣሁ፣ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ፣ ሚስት እንዳገባሁና እንዳላገባሁ፣ ደመወዜ ስንት እንደ ሆነ፣ የያዝሁትም መጽሐፍ ስለ ምን እንደሚናገር ሦስቱ ተራ በተራ ጠየቁኝ። አራተኛው ምንም ሳይጠይቀኝ ሒሳቤን ከፍሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን አላውቀውም።

ወደዚያ አገር የወሰደኝ ጉብኝት አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አማርኛ እንዳስተምር ወደ ብቸና ሄድሁ። ተወልጄ ያደግሁት በአዲስ አበባ ነው፤ በአገሩ ዘመድ የለኝም፤ ዓባይንም ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ጓደኞቼ «ስሙ ራሱ ብቸና ነው፤ ብቸኝነቱ ይገድልሃል» እያሉ ያፌዙብኝ ነበር። እኔም ቀልዱን ከምር ተቀብዬው ኖሮ የዝውውር ማመልከቻዬን ገና ሳልሄድ ጽፌ፣ ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼ፣ አጣጥፌ ከመጽሐፌ ገጾች መካከል አስቀመጥሁት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን 229 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወዲያ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ጆሮ ይደፈናል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የተከናነበው ሁሉ ከታች ሲደርስ ይገልጠዋል። ከሸለቆው ወለል ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ድልድይ ከአሮጌው አጠገብ ቆሞ ይታያል። ከዚያ አቀበቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርሱ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፤ የብቸናና የሞጣው ግን ወደ ቀኝ ይገነጠላል። በግራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ይከተልሃል። ከእርሱ የሚወርዱት እነሙጋና ሱሃ ሜዳውን እየቆረጡ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ያስወልቃል፣ በመኸር ግን ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ጤፍ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የጎጃምን ነጭ ጤፍ በኩንታል ዋጋው ብቻ ያውቀዋል። በማለዳ ነፋስ እንደ ውኃ ሲተኛና ሲነሣ ላየው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ብቸና ራሷ መልኳ የሚያስደንቅ ከተማ አይደለችም። ደጋ ናት፤ ማታ ማታ ትበርዳለች። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባጃጅና በገበያ ቀን መንገዱን የሚዘጋ የአህያ መንጋ፤ ይኸው ነው። ስለዚህ «ምን ላይ?» ብሎ የሚመጣ እንግዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይቶ ይጨርሳታል። «ከማን ጋር ልዋል?» ብሎ የሚመጣ ግን ሥራ አያጣም።

የምግብን ነገር ላስቀድም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ከአንዲት ወይዘሮ ምግብ ቤት ገብቼ ለአንድ ሰው ሽሮ አዘዝሁ። ወይዘሮዋ ራሳቸው መጡና፣

«ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«ጅብ እንኳ ሲበላ ይጠራራል፣ ልጄ» አሉና ሳህኔን አንሥተው አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ከተቀመጡበት ትሪ ላይ ገለበጡት። ሾፌሩ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ረዳቱ የእጅ ውኃ አመጣልኝ። በማግሥቱ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ የራሴ ባልንጀሮች ሆኑ። ብቻህን የምትሄድ ከሆነ ለብቻ ሳህን አትሟገት፤ ጉርሻ ሲዘረጋልህ አትሽሽ። በመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ልክፈል ብለህ አትታገል፤ አትችልም። በሦስተኛው ቀን ግን ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ለባለቤቲቱ በጆሮዋ ነግረህ ክፈል። ይህን ብልሃት ያስተማረኝ ያው ረዳት ነው።

ሁለተኛው ትምህርቴ እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብዬ ከአንድ ማሳ ዳር ቆሜ፣ የማየውን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ሁለት ገበሬዎች መጡ፤ ሦስት፣ አምስት ሆኑ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። «ምን ትጽፋለህ? ማን ላከህ?» አሉኝ። መምህር መሆኔን ብናገርም ከመካከላቸው የአንዱ ልጅ ተማሪዬ ሆኖ ባይገኝ ኖሮ እንዴት እንደማመልጥ አላውቅም። በኋላ አንድ ሸምገል ያሉ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ገለጡልኝ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የብቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ «መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱ ነው» ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጦር ዘመተበት፤ አይሮፕላንም ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ያላዩትም ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ብቻውን ቆሞ ማሳ እያየ የሚጽፍ ሰው ለእነርሱ ባለቅኔ አይመስላቸውም። እንግዲህ ደብተርህን ከማውጣትህ በፊት አፍህን ክፈት፤ ማን እንደ ሆንህ፣ ከማን ቤት እንዳረፍህ ተናገር።

ከሽማግሌዎቹ ጋር አንዴ ከተቀመጥህ የበላይ ዘለቀን ስም ሳትሰማ አትነሣም። በላይ በዚህ አገር አምስቱን የጠላት ዘመን ሲዋጋ ኖሮ፣ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. ጥር ወር በአዲስ አበባ በስቅላት የተቀጣ አርበኛ ነው። እኔ ታሪኩን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እነርሱ የሚናገሩት ግን የእገሌ አያት ስንቅ ያቀበለበትን ቀዬ እየጠቆሙ ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው ያርማል፤ ክርክሩም ይመሻል። አንተ ግን በመጽሐፍ ያነበብኸውን ይዘህ እንዳታርማቸው። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር።

ከብቸና አልፎ በእነማይ ወረዳ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለው፣ በዛብህም ሰብለ ወንጌልን ያስተማረው በዲማ ነው። ደራሲው ራሳቸው በወጣትነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው። እኔ መጽሐፉን ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር፤ ተማሪዎቼ ዲማን ያውቋታል፣ እኔ አላውቃትም ነበር። «መምህር፣ ሳያዩት እንዴት ያስተምራሉ?» ብላ አንዲት ልጅ በክፍል ፊት ጠየቀችኝ። ሌላው ሁሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን የጠየቀችው ከልቧ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ማልጄ ተነሥቼ በእግሬ ሄድሁ።

የጎጃም እውነተኛ ብቸኛ ተጓዥ ማን እንደ ሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። የቅኔ ተማሪዎች ከዛፍ ሥር፣ ከካብ ጥግ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ተራርቀው ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥሩ ነበር። ቅኔ ሲቆጠር ብቻ መሆን ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከየኔታ ፊት ቀርቦ የሚነገረው። በአጠገባቸው ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ወደ ጎጃም ከገባሁ ጀምሮ ማንም ምንም ያልጠየቀኝ በዚያ ሥፍራ ብቻ ነው ብል ሐሰት አይሆንም።

ከቀትር በኋላ አንዱ ተማሪ ሲያርፍ አብሬው ተቀመጥሁ። ዕድሜው 17 ቢሆን ነው። ከወሎ ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ለብቻው ሲሄድ አራት ዓመት ሆኖታል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ምን ትመክራለህ አልሁት። የነገረኝን ከየትኛውም የጎብኚ መምሪያ አላገኘሁትም። ወደ መንደር የሚገባው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከየቤቱ ጢስ መውጣት ሲጀምር ነው። ከደጅ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው፤ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ይገባል። ዱላ ለውሻ ነው፤ ግን ውሻውን የመታ ተማሪ እራት አያገኝም፤ ዱላው ይታይ እንጂ አይነሣ። ትልቁን ቤት አይምረጡ፤ ቶሎ የሚሰጠው ትንሹ ቤት ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሌሊት አይደርም። ሲጠየቁም ከራስ ስም በፊት የመምህርን ስም መናገር ይሻላል፤ አስተናጋጁ ሊያውቅ የሚፈልገው ከማን እጅ እንደ ወጡ ነውና።

ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረና «የአንቱ የኔታ ማን ናቸው?» አለኝ።

ከአርባ የማያንሱ መምህራን አስተምረውኛል። አንዳቸውንም መጥራት አልቻልሁም። የአንዱን ስም ብጠራ፣ ያ ሰው የእኔን ስም የሚያስታውሰው አልመሰለኝም።

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በደብረ ወርቅ በኩል ያልፋል። ደብረ ወርቅ ማርያም በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ የሳላት የምትባል ሥዕል የምትገኝባት ጥንታዊት ገዳም ናት። ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ርቆ ደግሞ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ጽሑፍ ይገባቸዋልና አልፋቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እስካሁን የተናገርሁት የወንድ መንገደኛን ነገር ነው። በእኔ ዓመት ብቸና የገባች አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበረች። እኔን «ሚስት አለህ ወይ?» ብለው በሳቅ የሚያልፉትን እርሷን «ባልሽ የት ነው? ማን ፈቅዶልሽ መጣሽ?» እያሉ ያጸኑባት ነበር። እርሷ ያገኘችው መላ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር መሄድ ነው፤ ዘንቢላቸውን ታግዛለች፣ እነርሱም የሚጠይቃትን ሁሉ በእርሷ ፈንታ ይመልሳሉ። ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት ጠፍታ የዓባይን በረሃ በተሻገረች ጊዜ ማንነቷን መደበቅ ነበረባት ስትል አንድ ቀን ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ያን ምዕራፍ ሳስተምር እርሷን ሳላስብ ቀርቼ አላውቅም።

ሞጣ የገባሁት በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው። ጓደኞቼ ወደ አዲስ አበባ ና ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አውቶቡሱን ወደ ሰሜን ያዝሁ። ሞጣ ከብቸና ትበልጣለች፤ ንግዷም ደርጅቷል፤ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፊቷ ወደዚያ ነው። የከተማው ሰው ሞጣ ጊዮርጊስን ከወለተ እስራኤል ስም ጋር ያያይዘዋል፤ እርሷም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የጎጃሙ የራስ ኃይሉ እናት ናት። እኔ ግን የሄድሁት ለሰባራ ድልድይ ነበር።

ሰባራ ድልድይ ከሞጣ ወደ ዓባይ ተወርዶ የሚገኝ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ካለው ከአላታ ድልድይ ቀጥሎ በዓባይ ላይ የተሠራ ጥንታዊ ድልድይ እርሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስት ፈረሰ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው።

አልጋ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ዕቅዴን ሲሰሙ «ብቻህንማ አትወርድም» አሉ፤ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነበር። ከሁለት የእህል ነጋዴዎች ጋር አገናኙኝ። ከፊሉን በመኪና፣ የቀረውን በእግር ከአህዮቹ ኋላ ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ደጋው ከራሳችን በላይ እየራቀ ሄደ። ከታች ስንደርስ ዓባይ በጠባብ አለት መካከል ተጨንቆ ሲያልፍ፣ ድልድዩም በሁለት በኩል እጁን ዘርግቶ መሐሉ ላይ ሲቋረጥ አየሁ።

በጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልማሳነታቸው ገመድ ይስቡ ነበር። ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ ከወዲያና ከወዲህ አሥር አሥር ሰው ገመድ ይዞ ይቆማል፤ የሚሻገረው ሰው ወገቡን ይታሰርና በባዶው ላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። እህሉም፣ ፍየሉም እንዲሁ። ስልሳ ዓመት ያህል የሁለቱ አገር ሰው የተገበያየው፣ ለሠርግና ለልቅሶ የተጠራራው በዚህ ዓይነት ነው።

«የማያውቀው ሰው ገመድ ላይ ማን ይታሰራል?» አሉኝ። «እኛስ ብንሆን ማንነቱን ያላወቅነውን እንዴት እንሳብ? አንድ ጊዜ አንድ ሰው ለብቻው መጣ። ከወዲህም ከወዲያም የሚያውቀው የለም። ቀኑን ሙሉ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ ማታ ከወዲያ ማዶ ያሉት ጮኸው የማን ልጅ ነህ አሉት። የአባቱን ስም ተናገረ፤ አላወቁትም። የእናቱን ስም ተናገረ፤ አላወቁትም። የክርስትና አባቱን ስም ሲጠራ አንዱ ‹እኔ አውቃቸዋለሁ!› ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ አሰርነው።»

ያን ጊዜ በሻይ ቤቷ ከጠረጴዛዬ የተቀመጡት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የገመዱን መተላለፊያ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአሜሪካ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ፎቶግራፉን ያየ አንድ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት መሥርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የፈረሰውን ክፍል አስጠገነ፤ በ2005 ደግሞ የዓባይ ሙላት ወሰደው። በ2009 ከሙላቱ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። እኔ የተሻገርሁት በዚህኛው ነው፤ ከእግር በታች ይወዛወዛል። የሚስበኝ ሰው ሳያስፈልግ፣ ማንም የማን ልጅ ነህ ሳይለኝ ከበጌምድር ምድር ደረስሁ። ከማዶ ዞሬ ስመለከት ሽማግሌው ከጥላው ተነሥተው፣ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ያዩኝ ነበር። ተመልሼ እስክሻገር ድረስ አልተቀመጡም።

ብቸና ስመለስ የዝውውር ማመልከቻውን ከመጽሐፉ ውስጥ አውጥቼ የተማሪዎቼን ውጤት በጀርባው ደመርሁበት።

ይሁን እንጂ አንባቢ ይህን አንብቦ ዛሬውኑ ሻንጣውን እንዳያነሣ ግዴታዬ ነውና ልንገረው። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ አዲስ አበባ መጥቼ ሳለሁ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። መንገዱ ይዘጋና ይከፈት፣ ስልኩ ይጠፋና ይመጣ ጀመር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ አልተመለስሁም፤ አሁን የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። መሄድ የሚፈልግ ሰው በዚያ ከሚኖር ሰው አፍ ሳይሰማ አይነሣ። «ሳያዩት እንዴት ያስተምራሉ?» ያለችኝ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽማ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

የምግብ ቤቷ ወይዘሮ ግን መስመር በተገኘ ቁጥር ይደውሉልኛል። ሰላምታው አልቆ፣ ስለ እህሉና ስለ ሰላሙ ተነጋግረን ስንጨርስ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ዛሬ ከማን ጋር በላህ?»